የኮሶዋን ንግግር ሳይሰሙ ለሄዱት የክብር እንግዳ

ለተከበሩ የወላጆች ቀን የክብር እንግዳችን
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎ፣ በተለይም ለጉሮሮዎ እንደምን ከረሙ እላለሁ። ባለፈው ዓመት ሰኔ በትንሿ ትምህርት ቤታችን ግቢ ያን ያህል ከተናገሩ በኋላ ድምፅዎ ሳይዘጋ መክረሙን ሰምቼ እግዚአብሔር ይመስገን ብያለሁ። በእኛ በኩል ቤተሰቡ ደህና ነው፤ ማለቴ የቀረነው ደህና ነን።

ስሜ የሺመቤት ይባላል። ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ እሸጣለሁ፤ የምኖረው ቀጨኔ፣ መኪና የማይገባበት ቁልቁለት ላይ ነው። እርስዎ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ እኔ ግን በዚያ ዕለት እርስዎና አጃቢዎችዎ እንድትቀመጡ ከወንበራቸው ከተነሡት ሰዎች አንዷ ስለሆንኩ ራሴን እንደ ቅርብ ሰው እቆጥራለሁ። ስምዎንም መሥሪያ ቤትዎንም ያልጠቀስኩት አክብሮት አጥሮኝ አይደለም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ የክብር እንግዳ የሚሆኑ ብዙ ስለሆኑ፣ ሌሎቹም ደብዳቤው ለእኔ ነው ብለው ቢያነቡት አይከፋኝም ብዬ ነው።

ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሰዎቹን ላስተዋውቅዎ፤ በዕለቱ የመተዋወቂያ ጊዜ አልነበረምና።

ባለቤቴ ሙሉቀን ሸማ ሠሪ ነበር። አባቱ ከጋሞ ደጋ ሙያቸውን ብቻ ይዘው የመጡ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ጉለሌ ነው። ሙሉቀን ይንተባተብ ነበር። አንድ ቃል ጉሮሮው ላይ ከተጣበቀ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ የሚሰማው ሰው ደግሞ ወይ ይስቃል፣ ወይ ቃሉን ነጥቆ ይጨርስለታል። ከሁለቱ የትኛው ይብሳል ብዬ ጠይቄው ነበር፤ «መ-መጨረሱ» አለኝ። ትምህርቱን ያቋረጠው አስተማሪው ቆመህ አንብብ ባለው ቀን ነው። ክፍሉ ሲስቅ አስተማሪውም አብሮ ሳቀ። ሙሉቀን ደብተሩን ዴስክ ላይ ትቶ ወጣ፤ በማግስቱ ከአባቱ ጎን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከተተ፣ በዚያው ቀረ። ሸማ ሲሠራ ማንም አያናግረውም፤ የሚሰማው የመወርወሪያው ድምፅ ብቻ ነው።

እኛ የተዋወቅነው የሠራውን ጥበብ ሊያስረክብ ሱቃችን ሲመላለስ ነው። ከተጋባን በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ሴት ለምን እኔን እንደመረጠ ስጠይቀው «ስምሽ አይጣበቅም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሺ ሲለኝ አንድም ቀን ምላሱ ተይዞ አያውቅም።

አንድ ልጅ አለችን፤ ሶሊያና። የአባቷን ዓይን፣ የአባቷን ረጃጅም ጣቶች፣ የአባቷንም ምላስ ይዛ ወጣች። ገና ሕፃን ሳለች ቃል ሲይዛት ባየ ጊዜ ሙሉቀን ውጭ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። «ከ-ከኔ ነው የወሰደችው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በሄደች ቁጥር የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቆመሽ አንብቢ የምትባልበትን ቀን።

ያ ቀን ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ መጣ። ያስነሣት መምህር ዋቅቶላ ይባላል፤ ከወለጋ የመጣ ገና ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ነው። የድራማ ክበቡን የያዘው ሌላ ፈቃደኛ ሰው ስለጠፋ ነበር። የክበቡን ልጆች ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወስዶ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ዛፍ ምረጡና ስለ እሱ ጽፋችሁ ኑ አላቸው። አንዱ ጽድ፣ አንዱ ዝግባ፣ አንዱ ወይራ መረጠ፤ ኢታና የሚባለው ቀልደኛ ልጅ ባሕር ዛፍ እሆናለሁ አለ። ሶሊያና ኮሶ መረጠች። ልጆቹ ሳቁባት፤ በቀይ አበባ ዘለላ ተንዠርግጎ ቆሞ እንዴት እንደሚያምር ግን ከሥሩ ቆማ ያየችው እሷ ብቻ ነበረች።

የጻፈችውን ልታነብ ስትነሣ ገና የመጀመሪያው ቃል ያዛት። መምህር ዋቅቶላ አልሳቀም፤ አልጨረሰላትምም። ጠበቃት። ከዚያ ኢታናን ከበሮ በቀስታ ምታ አለውና ለእሷ «ከበሮውን ተከተይው። አሁን ሶሊያና አይደለሽም፤ ዛፍ ነሽ። ዛፍ ደግሞ አይቸኩልም» አላት። ልጄ ጽሑፏን ከላይ እስከ ታች ተናገረችው። መምህሩ በዚያው ዕለት ዳገቱን ወጥቶ ቤታችን ድረስ መጥቶ ነገረን። ሙሉቀን መወርወሪያውን በእጁ እንደያዘ ቀና ብሎ «የ-የኛዋ ሶሊያና?» አለው። ደግሞ ጠየቀው። እንግዳው ከሄደ በኋላም እኔን ጠየቀኝ።

የእያንዳንዳቸው ጽሑፍ ተሰብስቦ ቴአትር ሆነ፤ የእንጦጦ ዛፎች ጉባኤ ተቀምጠው ማን ይበልጣል ብለው ይከራከራሉ። በወላጆች ቀን ሊታይ ተወሰነ። አባቷ ቀድሞ መስማት ፈልጎ ቢለምናት አሻፈረኝ አለች፤ በዕለቱ ከሰው እኩል ትሰማለህ ብላ።

የካቲት ላይ ሙሉቀን ጎኑን ያመው ጀመር። ጉበቱ ነበር። ግንቦት ላይ ሆስፒታሉ «ቤቱ ይረፍ» ብሎ ሸኘን፤ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም። እሱ ግን አላረፈም። የልጁን የመድረክ ልብስ መሥራት ነበረበት፤ አረንጓዴ ሆኖ ከትከሻው እስከ ጫፉ እንደ ኮሶ አበባ የደም መልክ ያለው ዘርፍ የተንዠረገገበት። ሕመሙ ፋታ ሲሰጠው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ሲነሣበት ወጥቶ ይተኛል። ሽሮ ሜዳ ብዙ ጥበብ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። የመጨረሻ ሥራው እሱ ነው።

እንግዲህ ሰዎቹን ካወቁልኝ ወደ ቅሬታዬ፣ ማለትም ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ/ ስለ ሰዓት። ጥሪው በጠዋት ነበር። እኛም የሰው ወግ ነውና በጠዋት ተገኘን። ባልደረቦቹ ሸማ ሠሪዎች ሙሉቀንን በወንበር ላይ እንዳለ ተሸክመው በዚያ ቁልቁለት አወረዱት፤ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ እንደ ሙሽራ። የሕመም ማስታገሻውን ግን አልወስድም ብሎ ነበር፤ መድኃኒቱ ያስተኛዋል። «ስ-ስትናገር ብተኛስ?» አለኝ። ስለዚህ እርስዎ በዘገዩበት ሰዓት ሁሉ ባለቤቴ ያለ ማስታገሻ ጥርሱን ነክሶ እየጠበቀዎ ነበር። ያለ እርስዎ ዝግጅቱ እንዳይጀመር ታዞ ስለነበር ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ረይሃና ስልካቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው «እየመጡ ነው፤ አዲሱ ገበያ ደርሰዋል» ይሉን ነበር። ቆይተው ሲወጡም አዲሱ ገበያ ነዎት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስም አዲሱ ገበያ ነዎት። ከዚያ ወደ እኛ በእግር ሩቅ ስላልሆነ፣ እዚያ ቤት ሳይከራዩ አልቀሩም ብለን ነበር። የልጆቹ የወረቀት ቅጠል በላብ ረጠበ፤ ትንንሾቹ እናቶቻቸው ጭን ላይ ተኙ። ትዕግሥትን ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

፪ኛ/ ስለ ወንበር። ከሰዓት በኋላ ሲደርሱ ከአጃቢዎችዎ ብዛት የተነሣ የፊተኛው ረድፍ አልበቃ አለ። ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት መጥቶ «እናቴ፣ ይሄ ለእንግዶች ነው» አለኝ። በሽተኛ መሆኑን ነገርኩት። «ገባኝ እናቴ፤ ከኋላ ይመቻቸዋል» አለ። ልጁ ባለጌ አልነበረም፤ ወንበሩን ራሱ አግዞ አነሣ። ሙሉቀንን ከኋላ፣ ከውሃው ታንከር አጠገብ አስቀመጥነው፤ መድረኩ አይታይም። «ም-ምንም አይደል፤ መ-መስማት እችላለሁ» አለኝ። ለዓይኑ ዕረፍት ስለሰጡለት እናመሰግናለን።

፫ኛ/ ስለ ንግግርዎ። እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እውነተኛ ምስጋና ነው ያለኝ። ስለ ልጆች ተሰጥኦ ተናገሩ። «የልጆቻችንን ድምፅ እንስማ» አሉ፤ ደጋግመው አሉ። አንድ ልጅ መድረክ ላይ ቆሞ መናገሩ ዕድሜ ልኩን እንደሚለውጠው፣ እርስዎም በልጅነትዎ ግጥም አንብበው እንደተጨበጨበልዎ፣ ያ ጭብጨባ ዛሬ ለደረሱበት እንዳበቃዎ ነገሩን። ባለቤቴ ከኋላ ሆኖ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ። ካጨበጨብኩ በኋላ ግን ቀጠሉ። ስለ ወረዳው ልማት ቀጠሉ፤ ስለ መጪው ዘመን ቀጠሉ። ደመናው ጠቆረ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ ተንኳኩ፤ እርስዎ ግን ጥላ ተይዞልዎ ስለነበር ቀጠሉ። የልጆቻችንን ድምፅ እንዳንሰማ የሆነው የልጆቻችንን ድምፅ ስለ መስማት በተደረገ ንግግር መሆኑን ሳስብ፣ ጥበብዎ ይደንቀኛል።

፬ኛ/ ስለ ሽልማቱ። ትምህርት ቤታችን በተጓዳኝ ትምህርት ተምሳሌት ነው ተብሎ የምስክር ወረቀት በእርስዎ እጅ ተቀበለ። ያ ባለ ባጅ ወጣት ለመድረክ መሪው በጆሮው አንሾካሾከለት፤ ወዲያው «የእንግዶቻችን ሰዓት ስለተጣበበ የቀሩት ዝግጅቶች በሌላ ጊዜ ይቀርባሉ» ተባለ። የቀሩት ዝግጅቶች የተባሉት ዝግጅቶቹ ሁሉ ናቸው፤ ስትገቡ ከተዘመረው የእንኳን ደህና መጡ መዝሙር በቀር። ዛፎቹ ከመድረኩ ጀርባ ተሰልፈው ቆመዋል። መምህር ዋቅቶላ ሮጦ ወጣቱን «የዚችን ልጅ ብቻ፤ አባቷ እዚያ ነው» ሲለው ሰምቻለሁ። «መምህር፣ ፕሮግራም አታበላሽ» ተባለ። ከኋላ ያለው ሙሉቀን የተባለው በደንብ አልተሰማውም፤ ዛፎቹ ወደ ፊት ሲመጡ ኮቴያቸውን ሰምቶ ሊጀምሩ ነው ብሎ ወንበሩን ደግፎ ቀና አለ።

የመጡት ግን ለፎቶ ነበር። እርስዎ በመካከላቸው ቆሙ። ልጄ አባቷ የሠራላትን ልብስ ለብሳ ፊትዎ ነበረች፤ አገጯን ይዘው «ስምሽ ማነው የኔ ቆንጆ?» አሏት። «ሶ… ሶ… ሶ…» አለች። ቃሉ እየመጣ ነበር፤ ከሁለት ተንተባታቢዎች ጋር የኖርኩ ስለሆንኩ መምጫውን አውቀዋለሁ። «ጎበዝ! በርቺ!» ብለው ወደ ዝግባው ዞሩ። ሶሊያና ነው ስሟ። ከእጅዎ ካመለጠች በኋላ ለራሷ ጨርሳዋለች።

ቅሬታዬን እስከ አሥር ላደርሰው አስቤ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በቁጥር አልሄድ አለኝ፤ ይቅርታዎን።

ዝናቡ ወረደ፤ ሸማ ሠሪዎቹ ሙሉቀንን በላስቲክ አልብሰው ዳገቱን አወጡት። አልጋው ላይ ካጋደምነው በኋላ «አ-አለቀ?» አለኝ። አልቋል አልኩት። «እ-እሷስ?» አለ። በሌላ ጊዜ ተብሏል አልኩት። ፊቴን ትንሽ አየና ፈገግ አለ። በሰው ቂም መያዝ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ያን ሥራ ለእኔ ትቶልኛል።

ሶሊያና ልብሷን ሳታወልቅ አልጋው አጠገብ ቆመች። «አባዬ፣ አሁን እ-እነግርሃለሁ» አለች። አፏን ከፈተች። «እ… እ… እ…» «እኔ ኮሶ ነኝ» ነው መጀመሪያው፤ «እኔ» ከሚለው ሊያልፍላት አልቻለም። ከበሮ የለ፣ ጓደኞቿ የሉ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ዛፍ መሆን አልቻለችም፤ አባቷ የሚሞትባት ሶሊያና ነበረች። አንገቷ ተገተረ። ደጋግማ ሞከረች። እኔ ቃሉን ላቀብላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የሙሉቀን ዓይን ከለከለኝ። በመጨረሻ እጇን ያዘና «ይ-ይቆይ። እኔ አ-አልቸኩልም» አላት።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። መምህር ዋቅቶላ ሊያያት መጣ፤ አባቷንም አየ። በማግስቱ ወይዘሮ ረይሃናን ቴአትሩ በግቢው ውስጥ እንደገና ይታይ፣ አባትየውን ተሸክመን እናመጣለን ብሎ ለመናቸው። «ፕሮግራሙ ተዘግቷል፤ ፈተና ነው፤ ከበሮውም አልባሳቱም ተቆልፎባቸዋል» አሉት። አጥብቆ ሲይዛቸው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዳው ያላዩት ነገር በጓሮ ታየ ቢባል ምን እላለሁ?» አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። እርስዎን የሚፈሩ ሴት ናቸው። ክፋትና ፍርሃት ግን ሲሠሩ አንድ ዓይነት ናቸው።

ፈተናው ባለቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ በር ላይ ነበርኩ። ከታች ከጠባቡ መንገድ ላይ ልጆች በዝናብ ሲወጡ አየሁ፤ ከፊት መምህር ዋቅቶላ ጫማው በጭቃ ተለውሶ፣ ከኋላው ጽድ፣ ዝግባና ወይራ፤ ሁሉም በዩኒፎርማቸው፣ የዛፍ ልብሳቸው ተቆልፎበታልና። ኢታና ከበሮ ስላላገኘ ቢጫ ጀሪካን በጀርባው አዝሏል። ከየቤቱ ፈቃድ ጠይቀው ነው የመጡት፤ አንዳንዶቹ እናቶች አብረው መጥተዋል።

ሙሉቀን ካለፈው ቀን ጀምሮ ዓይኑን አልገለጠም፤ ቃልም አልወጣውም ነበር። አልጋውን ወደ በሩ አስጠጋነው። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ዛፎቹ ግቢውና የድንጋዩ ደረጃ ላይ ቆሙ፤ ጎረቤቱ በየአጥሩ ወጣ። ሶሊያናን ጓዳ ገብቼ አለበስኳት። በዚያ ሁሉ ልጅ መካከል ልብስ ያላት እሷ ብቻ ነበረች፤ የእሷ ልብስ ከሌሎቹ ጋር አልተቆለፈበትምና። መምህሩ ሊያስቀድማት ቢፈልግ እንደ ቴአትሩ ተራዬን እጠብቃለሁ አለች። ባሕር ዛፉ ኢታና ፎከረ፣ ጽዱ ተኩራራ፣ ወይራው ተቆጣ፤ ሰው ሳቀ፤ በሽተኛ ያለበት ቤት መሆኑ ተረስቶ ሳይሆን ልጆቹ ስላሳቁት ሳቀ። ከዚያ ኢታና ጀሪካኑን ገልብጦ በመዳፉ ይመታው ጀመር፤ ቀስ ብሎ። ልጄ በራችን ደፍ ላይ ወደ አባቷ ዞራ ቆመች።

«እኔ ኮሶ ነኝ» አለች። «ስሜን የሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። ሙሽራ በአበባዬ አታጌጥም፤ ልጆችም ጣፈጠን ብለው አይቀጥፉኝም። ነገር ግን ሆዳችሁን ሲቆርጣችሁ ወደ ማን ነበር የምትመጡት? እኔ ቶሎ አላድግም። ቶሎ አልናገርም። የሚጠብቀኝ ሰው ግን…»

እዚህ ላይ ያዛት። አንገቷ ሲገተር አየሁ። ከአጥሩ ዙሪያ ካለው ሰው አንድ ስንኳ አልሳቀም፤ አንድ ስንኳ ሊጨርስላት አልቃጣም። ኢታና ምቱን አላቆመም፤ አላፈጠነምም። ዝናቡና ጀሪካኑ ብቻ ይሰማሉ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም።

«…ጥላዬ ሥር ያርፋል» አለች።

ይህን የጻፈችው አባቷ ጨርሶ ሳይታመም፣ በጥር ነው።

ሰምቶ ይሆን? የንስሐ አባታችን፣ ሰው ሲሞት መጨረሻ የሚዘጋው ጆሮው ነው ብለው አጽናንተውኛል። ጎረቤቶቼ ደግሞ እጁ ሲንቀሳቀስ አይተናል ብለው ይምላሉ፤ ጣቶቹ መወርወሪያ እንደሚወረውር ሰው ነበሩ ይላሉ። እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። እኔ ግን አላውቅም። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በነጋታው ማለዳ አረፈ። ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቀበርነው። ቀብሩ ላይ ያልተገኙት ሰዓት ተጣቦብዎ እንደሆነ ስለምገምት አልተቀየምኩም።

መምህር ዋቅቶላ ግን ተቀጣ። ተማሪዎችን ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ ይዞ ወጥቷል፣ የትምህርት ቤቱንም ገጽታ አበላሽቷል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። መስከረም ላይ ክበቡን ተነጠቀ፤ የድራማ ክበቡም «እስኪደራጅ» ተብሎ ተዘጋ፣ አሁን ግንቦት ነው፣ እየተደራጀ ይመስለኛል። እሱ ዛሬ ሳይንሱን ያስተምራል፤ ሲደወል ደብተሩን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ባለፈው መንገድ ላይ አግኝቼው ስለ እኛ ብለህ ተጎዳህ ስለው «እትዬ የሺ፣ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ አንድ የማይናገር ልጅ አለ» አለኝ። የተናገረው ይህን ብቻ ነው። እኔም የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው፤ ያ ልጅ ሳያመልጥ ክበቡን ለባለቤቱ ይመልሱለት። ማስጠንቀቂያውንም ያንሡለት። በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ነው፤ ቃል ደግሞ እንደማያጥርዎ ምስክር ነኝ።

የዘንድሮውም የወላጆች ቀን ደርሷል፤ እርስዎም ተጋብዘዋል ይባላል። ለእንግዳው አበባ የምታበረክተው ሶሊያና ትሁን ተብሎ ነበር፤ ልብሷ ስለሚያምር። ልጄ ይህን ስትሰማ ራሷ ወደ ወይዘሮ ረይሃና ቢሮ ገባች። እኔ ውጭ ኮሪደሩ ላይ፣ በተከፈተው በር ትይዩ ነበርኩ። «አ… አ… አበባ አልሰጥም» አለች። ቀጥሎ የመጣው ቃል አስቸገራት። ወይዘሮ ረይሃና ስልካቸው ሲጮኽ ዘግተውት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ አላቋረጧትም፣ አልጨረሱላትም፣ በርቺም አላሏትም። ጠበቋት።

«ከ-ከተፈቀደልኝ ግን፣ እ-እናገራለሁ» አለች ልጄ።

ርእሰ መምህርቷ የፕሮግራሙን ወረቀት ስበው አንድ መስመር ጨመሩበት። ከዚያ «ከንግግሩ በፊት ትሆኛለሽ» አሏት። ንግግሩ የተባለው የእርስዎ ነው። ይህን ያሉት ምን ያህል ፈርተው እንደሆነ የማውቅ ስለሆነ፣ ቃላቸውን እንዳያስበሏቸው በልጆችዎ ስም እለምንዎታለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ከፊትዎ የሚቆሙትን ልጆች ስም አንድ በአንድ ሰምተው የሚጨርሱበት ዘመን ይስጥዎ እያልኩ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
የሺመቤት
የሸማ ሠሪው የሙሉቀን ሚስት
ከቀጨኔ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሶሊያና አንብባው አንድ ዓረፍተ ነገር እንድሰርዝ ለመነችኝ። እርስዎን የሚመለከት፣ ከሁሉ የመረረው ነበር። ለምን ስላት «እሳቸው እኮ አባዬ መ-መታመሙን አያውቁም ነበር» አለችኝ። ሰርዤዋለሁ። እውነቷን ነው፤ አያውቁም ነበር። እኔም የምከስዎ በዚሁ ነው።